አንዲት ጠባሳ ጥርት ብላ እንድትታይ፦ ከሐዋሳ እስከ ገላን

አቃቂ ቃሊቲን ሊጎበኝ የሄደ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰው በዚያ ያልፋል እንጂ ወደዚያ አይሄድም። ከደቡብ የመጣው አውቶቡስ ቃሊቲ ያራግፈዋል፣ እሱም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ መሃል ከተማ ይጣደፋል። እኔ ግን እዚያው ሰንብቼ መጣሁ። ሐዋሳ ስመለስ ጓደኞቼ «አዲስ አበባ እንዴት ናት?» ሲሉኝ መልስ ቸገረኝ። ያየሁት አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል፣ አንድ ደረጃና አንድ ድንኳን ነው። ለእነሱም፣ ወደዚያ መቼም ለማትሄዱት ለእናንተም ብዬ ይህን ጻፍኩ።

የሄድኩት ፎቶ ለማንሳት ነበር። የእናቴ እህት እትዬ ወርቄ ታመው ከተኙ ሰንብተዋል። ልጃቸው ሰናይት ደውላ «ካሜራህን ይዘህ ና፤ እማዬ ፎቶ ካላነሳችሁኝ ብላ አስቸግራናለች» አለችኝ። በስልክሽ አታነሺያቸውም ወይ ብላት «አንስቻት ነበር፤ ይሄ አይደለም አለችኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እኔ የፎቶ ባለሙያ አይደለሁም፤ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ካሜራዬም ለጀማሪ የሚሸጠው ዓይነት ነው፤ አንድ አጭርና አንድ ረጅም ሌንስ በአንድ ካርቶን ውስጥ አብረውት ይመጣሉ። እሁድ እሁድ ሐይቁ ዳር ወፍ አነሳበታለሁ። ሐይቁ ዳር ብርሃን እንደ ልብ ስለሆነ ፎቶዬ ሁሉ ጥርት ይላል፤ እኔም ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ኖሬአለሁ።

የመጀመሪያው ቀን

በጠዋት ተነሳሁ። ባዶ እጄን ላለመሄድ ብዬ ከሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ አስጠቅልዬ ያዝኩ። ሻሸመኔን ሳናልፍ ሽታው አውቶቡሱን ሞላው። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ምንም ሳይናገሩ መስኮቱን ከፈቱ፤ ዝናቡ ገባ፤ ዘጉት፤ መልሰው ከፈቱት። እስከ ሞጆ ድረስ እንዲሁ እየሆንን ሄድን። ካሜራዬን ግን ጃኬቴ ውስጥ አቅፌው ስለነበር አልረጠበም።

ቃሊቲ መናኸሪያ ስንደርስ ሰማዩ ዝቅ ብሎ መጋዘኖቹ ጣራ ላይ ተኝቷል። ሐዋሳ ሲዘንብ አስፋልቱ ይታጠባል፤ ቃሊቲ ሲዘንብ አስፋልቱ ይጠፋል። ተሳቢ መኪናዎቹ በጭቃው መሃል ቀስ እያሉ ሲያልፉ እግረኛው ጥግ ይዞ ይጠብቃቸዋል። እትዬ ወርቄ ወደሚኖሩበት ወደ ገላን የሚሄድ ታክሲ ለመያዝ ብዙ ቆምኩ፤ የቆምኩበትም ቦታ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ቀለም ቀባኝ።

ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቀለማቸው እንኳን አንድ ነው። እትዬ ወርቄ ቤት ደረስኩ ብዬ አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ሳንኳኳ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ጎልማሳ ከፈተልኝ። ቤት መሳሳቴን ስነግረው አልተገረመም።

«እዚህ ሰፈር ሁሉም ሰው አንዴ ይሳሳታል። እኔ ራሴ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የሰው በር በቁልፌ ስታገል ነበር» አለኝ። ውሃ አጠጥቶኝ በረንዳው ላይ ቆሞ ትክክለኛውን ሕንፃ በጣቱ አሳየኝ።

ሰናይት በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን ፌስታሉን ነው። «ዓሣ? በፍልሰታ?» አለችኝ። እኔ ጾም ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ሰው እንደሚጾም ግን መርሳት አልነበረብኝም። እንደዚያ ሆኜ ስቆም ፊት ለፊት ያለው በር ተከፈተና ጎረቤቷ ረዊያ ብቅ አለች። ነገሩን ሰምታ እስኪበቃት ሳቀች፣ ዓሣውን ተቀበለችኝ፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ የምስር ሳምቡሳ በሰሃን ሞልታ መለሰችልን። የዚያን ቀን እራታችን እሱ ሆነ።

እትዬ ወርቄ ግድግዳው ጥግ ባለው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም። አንገታቸው «አይሆንም፣ አይሆንም» እንደሚል ሰው ያለማቋረጥ ይወዛወዛል። ጉንጬን ስመው ሳይጨርሱ «ካሜራውን አምጣውና ልየው» አሉኝ። በሁለት እጃቸው ይዘው ዳበሱት፤ ሌንሱን፣ ቁልፎቹን፣ ማንገቻውን።

«ክብደቱ ቀላል ነው» አሉ፤ ያልተደሰቱ ይመስላሉ።

ሁለተኛው ቀን

ገና ቁርስ ሳይነሳ ሥራ ጀመርን። ያ ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ የምድር ቤት ያህል ጨለማ ነው፤ መስኮቱ የሚያየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ነው። ላለማስጨነቅ ብዬ ረጅሙን ሌንስ አድርጌ ከራቅ ብዬ አነሳሁ። ወፍ የማነሳበት ስለሆነ ተማምኜበት ነበር። ፎቶዎቹ ሁሉ ብዥ አሉ። ያ ሌንስ ሲረዝም ብርሃን ይጠማዋል፤ በጨለማ ቤት ውስጥ የካሜራው መዝጊያ እስኪዘጋ እትዬ ወርቄ ሁለት ጊዜ አንገታቸውን ያወዛውዛሉ። ሌንሱ የእኔን እጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ነገር አለው፣ የእሳቸውን አንገት ግን ማን ያረጋጋዋል? ካሜራው ጨለማውን እንዲችል ብዬ ለብርሃን ያለውን ስሜት ከፍ ባደርገው ፊታቸው ላይ ጤፍ የተዘራ መሰለ።

በመጨረሻ ተበሳጭቼ ፍላሹን ከፈትኩ። ፎቶው ጥርት አለ። የቅንድባቸው ፀጉር አንድ በአንድ ይታያል። ደስ ብሎኝ «አሁን ሆነ፣ እትዬ» አልኩ።

«ጠባሳዬ አለች?» አሉኝ።

ከግራ ቅንድባቸው በላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለች። ፎቶው ላይ ብፈልጋት አጣኋት። ፍላሽ ከፊት ለፊት ሲመታ ጉብታና ጉድጓድ የሚለይ ጥላ አይተውም፤ ፊቱን ደልዳላ ያደርገዋል። የለችም አልኳቸው።

«እንግዲያው ጥርት አላለም» አሉና ትራሳቸውን ተደገፉ።

ከዚያ ነው ምክንያቱን የነገሩኝ። ባለቤታቸው ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። ሲሞቱ በቤቱ የተገኘው ፎቶ የሥራ መታወቂያቸው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱን ትሪ እስኪያክል አጎሉት። ሲጎላ ዓይንና አፍንጫው ተደባለቀ። «ለቀስተኛው የማነው እያለ ይጠያየቃል» አሉ እትዬ ወርቄ። «እኔም የማላውቀውን ሰውዬ አቅፌ አለቀስኩ። ባሌን በወጉ አላለቀስኩትም፣ መስፍኔ። እስካሁን ይቆጨኛል።»

ጠባሳዋ ደግሞ የፋብሪካ ናት። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በወጣትነታቸው ሲሠሩ የሽመና ማሽኑ መወርወሪያ ተስፈንጥሮ መታቸው። አጠገባቸው የነበረችው ዘነበች ነጠላዋን ቀዳ ቁስሉን አሰረችላቸው። «ፊቴን ሁሉ እርጅና ለውጦታል አሉ። እሷን ግን አልነካትም። የፋብሪካ ሰው እኔን የሚያውቀኝ በእሷ ነው። ወደዚህ ፎቅ ከመጣን ወዲህ አላየሁዋቸውም፤ እነሱም ደረጃው አይሆንላቸውም፣ እኔም። ሲመጡ እንዲያውቁኝ እፈልጋለሁ።»

«ሲመጡ» ያሉት መቼ እንደሆነ ለእኔም ለሰናይትም ገባን። ሰናይት ከወንበሯ ተነሳች።

«ሟርት ነው ይሄ! በሕይወት ያለ ሰው የለቅሶ ፎቶ ይነሳል?» ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። የዕቃ ድምፅ እንጂ የእሷ ድምፅ አልተሰማም። እኔም የዚያን ቀን ሌላ ፎቶ አላነሳሁም።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ደረጃው ላይ ቆሜ ዝናቡን ሳይ ነው መላው የመጣልኝ። በየፎቁ ደረጃው ሲታጠፍ አንድ ጎኑ ለሰማይ ክፍት የሆነ ቦታ አለ። ዳመናው ነጭ ነው፤ ብርሃኑ ከጎን ይገባል። ሐዋሳ ቢሆን ዳመና ሲሆን ካሜራዬን አላወጣም ነበር። እዚህ ግን ለስላሳ የጎን ብርሃን ከዚህ የተሻለ የትም እንደማላገኝ ገባኝ።

የፊት ለፊቱ ጎረቤት ኸድር፣ የረዊያ ባል፣ ቃሊቲ መንገድ ዳር ፎቶ ቤት አለው። ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል እትዬን ወደ ደረጃው ለማውጣት ስንታገል አይቶ ቦርሳውን አስቀመጠ። እሱና ሰናይት እትዬ ወርቄን ከነወንበራቸው አንስተው አወጧቸው። ሰናይት አኩርፋለች፣ የእናቷን ጋቢ ግን ሦስት ጊዜ አስተካከለች።

በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም። ከካሜራው ጋር በአንድ ካርቶን ስለመጣ የናቅሁትን አጭሩን ሌንስ አደረግሁ። ፊቱ ላይ ሻጩ በምርቃት የሰጠኝ መከላከያ መስታወት ነበረበት፤ አውጥቼ ወደ ሰማይ ሳየው እንደ ቆሸሸ መነጽር ደብዝዟል። ለካ በዚህ ሌንስ ያነሳሁትን ሁሉ በእሱ ውስጥ ነው ሳይ የኖርኩት። ኪሴ ከተትኩት። የሌንሱን ቀዳዳ ከሰፊው ጠበብ አደረግሁት፤ እነዚህ ርካሽ ሌንሶች በሙሉ ሲከፈቱ ይለግማሉ። መዝጊያውን አፈጠንኩ። ፎከሱን ካሜራው በራሱ እንዳይመርጥ ከልክዬ በግራ ዓይናቸው ላይ ብቻ አሳረፍኩት። እትዬ ወርቄን ደግሞ ጭንቅላታቸውን ቀለሙ በተላጠው ግድግዳ ላይ እንዲያስደግፉ ለመንኳቸው።

ብዙ አነሳሁ። አንገታቸው አንዳንዴ፣ ትንፋሽ ሲያወጡ፣ ለቅጽበት ይቆማል። እሷን ቅጽበት ለመድኳት። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አጎልቼ አየሁ። አለች። ከቅንድቡ በላይ፣ አንድ ጎኗ ላይ ጥላ ይዛ።

«አለች፣ እትዬ።»

«ወዴት ታዘነብላለች?» አሉኝ። ሊያባብለኝ ነው ብለው ጠርጥረዋል።

«ወደ ጆሮዎ። የታችኛው ጫፏ ቀጠን ይላል።»

እጃቸውን አንስተው ቅንድባቸውን ዳበሱ። ከዚያ ሳቁ፤ ገላን ከገባሁ ጀምሮ ሲስቁ መስማቴ ነው። ወደ ውስጥ እናስገባዎ ስንላቸው «ትንሽ ልቆይ፣ አየር ይሸተኛል» አሉ። ካፊያው እግራቸውን እስኪነካ ድረስ እዚያው ተቀመጡ።

ኸድር የካሜራውን ካርድ ወሰደ። «ነገ በትልቁ አትሜ፣ ፍሬም አግብቼ አመጣለሁ» አለ። ክፍያውን ሳነሳበት «እሳቸው እኮ ለልጄ እንደ አያት ናቸው» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

አራተኛው ቀን

ኸድር ከሰዓት በኋላ መጣ። ፍሬሙን ከጠቀለለበት ጨርቅ ሲያወጣው ሰናይት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

የተላጠው ግድግዳ የለም፤ በሱ ፈንታ ሰማያዊ መጋረጃ ተዘርግቷል። ፊታቸው እንደ ሕፃን ለስልሷል። ሽብሽባቱ የለም፣ ከዓይናቸው ሥር ያለው ጥቁረት የለም። ጠባሳዋም የለችም።

«እማዬ፣ ልጅ ሆነሽልኛል!» አለች ሰናይት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ከታመሙ ወዲህ እናቷን እንዲህ ጤነኛ ሆነው አላየቻቸውም። ኸድር ደጃፉ ላይ ቆሞ ፈገግ ይላል። እስኪነጋ ድረስ ሲሠራው ማደሩን ቀይ ዓይኑ ይናገራል።

እትዬ ወርቄ ፍሬሙን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መስታወቱን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ወደ ልጃቸው ሳይሆን ወደ እኔ።

«ጠባሳዬ አለች?»

ሰናይት ከኋላቸው ሆና ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ አለች በላቸው ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ የቆየሁት ከሚገባው በላይ ነበር። ዝምታዬን ሰምተው ጨርሰው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዋሽ ማን ያምነኛል?

«የለችም፣ እትዬ። ሲያሳምሩት ጠፍታለች።»

«እሺ» አሉ። ፍሬሙን ለሰናይት ሰጧትና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ሰናይት ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። «አለች ብትላት ምን ይጎድልብሃል? የምታርፍበት አንድ ነገር ነበራት፣ እሱንም ወሰድክባት» አለችኝ።  እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ማደር የማይችል ሰው ሲሆን ግን ምን እንደሚባል የነገረኝ የለም።

ከሁሉም ያሳዘነኝ ኸድር ነው። «ወንድሜ፣ ፎቶዬ ላይ ጠባሳዬን ተውልኝ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም» አለ። «አጥፋልኝ ነው የሚሉኝ። እኔ ለሳቸው ክብር ብዬ ነው።» ያን ጊዜውኑ ያልተነካውን ፎቶ ልናትም አብረን ወደ ፎቶ ቤቱ ሄድን። ስንደርስ መብራት ጠፍቷል።

ፎቶ ቤቱ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ብዙም አይርቅም። ለታሳሪ ስንቅ ይዘው የመጡ ሴቶች ዝናቡን ሽሽት ጣራው ሥር ቆመዋል። አንዷ የልጇን ፎቶ አሳትማ ለአባቱ ልታስገባለት መብራት ትጠብቃለች። ያስገቡላት እንደሆነ አላውቅም፤ እሷም አታውቅም። ሐዋሳ ሲመሽ ሐይቁ ላይ ገና ብርሃን ይቀራል። ቃሊቲ ግን ቀኑ ሳያልቅ ይደነግዛል። መብራቱ ሳይመጣ ስለቀረ ወደ ቤት ተመለስን።

«ጠባሳዎ ነገ ትመጣለች፣ እትዬ» አልኳቸው አልጋቸው አጠገብ ቆሜ።

«ነገ አምጣት» አሉ፣ ሳይዞሩ። ከእሳቸው የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይህ ነው።

አምስተኛው ቀን

ጠዋት ከኸድር ጋር ፎቶ ቤቱ ተቀምጠን መብራት ስንጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ሰናይት «ና» ብቻ አለችኝ። ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም።

ቆሜ ቀረሁ። ኸድር ትከሻዬን ይዞ «አንተ ሂድ። እኔ መብራት ሲመጣ አትሜ አመጣታለሁ፤ አንድም ነገር አልነካባትም» አለኝ።

ስደርስ የእድሩ ድንኳን ግቢው መሃል ተተክሏል። የሰፈሩ ሰው ወንበር ይደረድራል፤ ረዊያ ጋን ታስሞላለች። ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ፣ ሻማ አጠገብ፣ ሰማያዊ መጋረጃ ያለበት ፎቶ ቆሟል። ሌላ ፎቶ ስለሌለ ሰናይት ያንኑ አውጥታለች። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ አንዲት አሮጊት ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ገቡ። ከጭቃው ጋር ታግለው እንደመጡ ጫማቸው ይናገራል። ለማልቀስ አፋቸውን ከፈቱ፤ ፎቶውን አዩ፤ አፋቸውን ዘጉ። ዙሪያውን ቃኙና ወንበር ልቀበል ደጃፉ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ድንኳን ተሳስቻለሁ መሰለኝ። የወርቄ ለቅሶ የትኛው ሕንፃ ጋ ነው?»

ማን እንደሆኑ ሳይነግሩኝ አወቅሁ። «እማማ ዘነበች፣ እዚሁ ነው» አልኳቸው። መለስ ብለው ፎቶውን አዩት። «ይቺ?» አሉና ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ሊያለቅሱ ፈልገው እንባ እንቢ አላቸው። ነጠላቸውን እያሻሹ መሬት መሬት ያያሉ። ሰናይት ሁሉንም ሰምታለች። አንገቷን ደፋች።

ኸድር የመጣው ዝናቡ ከፍቶ ነው። ጃኬቱን አውልቆ ፎቶውን ጠቅልሎበታል፣ እሱ ራሱ እስከ አጥንቱ ርሷል። ሌላ ፍሬም ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም። ሰናይት ተነስታ ከጠረጴዛው ላይ ፍሬሙን አነሳች፣ የኋላውን ክዳን በገዛ እጇ ከፈተች፣ አዲሱን ከፊት አደረገችው። አሮጌው ከጀርባው ቀረ። ሁሉም ተመልሶ መጣ፦ የተላጠው ግድግዳ፣ ሽብሽባቱ፣ የሚንቀጠቀጠው አንገት ለቅጽበት ያረፈበት ፊት፣ ጠባሳዋ።

እማማ ዘነበች ቀና ብለው አዩ። ተነስተው ሄደው ጣታቸውን መስታወቱ ላይ፣ ከግራው ቅንድብ በላይ አስቀመጡ።

«ይቺን እኔ ነኝ ያሰርኳት» አሉ ዝግ ብለው። «ማን ይናገር የነበረ። ወርቄ፣ ወርቂቱ፣ ደሙ እኮ እጄ ላይ ነው የፈሰሰው።» ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። ድንኳኑም ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረው።

ስድስተኛው ቀን

የቀብሩ ዕለት ዝናቡ አላቆመም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው ጭቃ መንገድ ላይ ፎቶውን ያቀፈችው ሰናይት ናት። ወንዶቹ ልንቀበላት ብንለምናት አልሰጠችንም። እኔ ጃንጥላ ይዤ ከጎኗ እሄዳለሁ። ከዚያ ከደረጃው ወዲህ፣ በስልክ «ና» ካለችኝ በቀር፣ ቃል አልተነጋገርንም።

በየጥቂት እርምጃው ቆም ትልና በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ትጠርጋለች። ጃንጥላውን ወደ እሷ አስጠጋሁ። ጠብታ እንዳይነካው አድርጌ ሸፈንኩት። እሷ ግን አሁንም ትቆማለች፣ ትጠርጋለች፣ ጎንበስ ብላ ታያለች።

«ደርቋል እኮ፣ ሰናይት» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «መኖሯን ነው የማየው።»